ጎኑ ላይ እሾህ ያለው እንቁላል

ሰኞ፣ የካቲት 3
ለማን ይነገራል... የሰገራ ናሙና ባጃጅ ውስጥ ቦርሳዬ ላይ ፈሰሰብኝ። አጠገቤ ያሉት እናት አፍንጫቸውን በነጠላ ይዘው፣ «ልጄ፣ ዓሣ ነው የያዝሽው?» «አዎ እማማ።» ምን ልበል ታዲያ?

ጤና ጣቢያ ስደርስ የላቦራቶሪ ባልደረባዬ ራዊያ በሳቅ ሞተች። ሰሞኑን አንዱን ናሙና በሁለት መንገድ እያየን ነው። በድሮው፣ ቅንጣቷን በጨው ውሃ ጠብታ በጥብጠን። ካቶ ካትዝ በሚባለው በአዲሱ ደግሞ በወንፊት አጥልለን፣ ለክተን፣ በሴሎፎን ተጭነን። የትኛው የትል እንቁላል ያስመልጣል?

ማክሰኞ፣ የካቲት 4
ሞላ የሚባል የሮቢት ሽንኩርት ገበሬ ከሚስቱ ከብዙነሽ ጋር መጣ። ሆዱ ተነፍቷል፣ ደም ያስቀምጠዋል። ወረፋው ስለበዛ ናሙናውን በድሮው መንገድ ብቻ አየሁት። ምንም የለም። «ነጻ ነህ» ብዬ ወረቀቱን ሰጠሁት።

ወደ ሚስቱ ዞረ። «ሰማሽ? በሽታ አይደለም! መርዝ አብልተሽኛል!»

አፏን በቡጢ። ወደቀች። ክንዷን ረገጠው... እንደ ማሽላ አገዳ ቀጭ ሲል ሰማሁ። ዘበኛው ጎትቶ አስወጣው። «አርድሻለሁ!» እያለ ሄደ። እሷን እዚሁ አስተኛናት።

ረቡዕ፣ የካቲት 5
የሞላ ናሙና ተርፎ ነበር። በካቶ ሠራሁት። እንቁላል! ጎኑ ላይ እሾህ ያለው። ቢልሃርዚያ። ከመስኖው ቦይ እንጂ ከወጥ አይመጣም። «ወላሂ ፍሬ፣ እሾሁን እይው!» አለች ራዊያ።

ከሰዓት ሞላ ዱላ ይዞ መጣ። ነገርኩት።

«ትናንት የለም ያልሽው ዛሬ ከየት መጣ? ስንት ከፈለችሽ?»

መስኮቱን ሰባበረው። ራዊያን በዱላው ግንባሯ ላይ መታት። ደሟ መነጽሯ ላይ ወረደ... ፖሊስ ወሰደው።

ሐሙስ፣ የካቲት 6
ብዙነሽ፣ «የኔንም እዪልኝ» አለች። ያው እንቁላል። እሷም ሽንኩርት የምታጠጣው ከዚያው ቦይ ነው።

«እኔንስ ማን አበላኝ?» ብላ በተሰነጠቀ ከንፈሯ ሳቀች። ወዲያው አለቀሰች። ኪኒኑን ሰጠናት። ለእሱም ፖሊስ ጣቢያ ድረስ ላክንለት። ምን ይደረግ፣ በሽተኛ ነው።

አርብ፣ የካቲት 7
የሞላ ዘመዶች ለሽምግልና መጡ። አንዱ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሩ፦ «ልጄ፣ ያሳሳተው ያንቺ ወረቀት ነው። ይህንኑ ለዳኛው ንገሪና ይፈታ።»

እውነት ይሆን እንዴ?

ብዙነሽ ግን በደህና እጇ አልጋውን ተደግፋ ተነሳች። «አባባ፣ አምናም ጥርሴን አውልቆታል። ያኔ የትኛው ወረቀት ነበር?»

ሽማግሌው ዘንጋቸውን አንስተው ወጡ። እሷ ሮቢት አትመለስም። ዋጃ፣ እህቷ ጋ ነው የምትሄደው።

እኔም ወስኛለሁ። እንቁላሉ አምልጦኛል፣ እላለሁ። ቡጢውን ግን ያለ ማይክሮስኮፕ አይቻለሁ። ሰኞ ፍርድ ቤት ቀርቤ ዳኛው የሚሉትን፣ ሞላም እኔን ሲያይ የሚሆነውን እዚሁ አሰፍራለሁ።