ሙዚቃዬን ሳሙና ወሰደው

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7
ዛሬ በሬዲዮ ያወራሁት የእስክሪብቶ ቀለም ከነጭ ሸሚዝ እንዴት እንደሚለቅ ነው። ሁለቴ ምላሴ ተሳሰረ... ይሁን። ቤት ስገባ የወንድሜ ሚስት "ሙዚቃሽ ሲጀምር ዛሬም ቀና አለች" አለችኝ። እማዬን ነው። ሴት ልጇ እኔ ብቻ ነኝ፤ ፊቷ ስቀመጥ ግን "የማን ልጅ ነሽ?" ትለኛለች። የፕሮግራሜን መግቢያ፣ ያቺን የፒያኖ ዜማ ስትሰማ "ልጄ መጣች" ብላ ሻሿን ታስተካክላለች። ሁሉ ሲጠፋት ይቺ አልጠፋቻትም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11
ጉድ ነው። ሽንኩርት እየላጥኩ ሙዚቃዬን ከሳሎን ሰማሁ። ወጥቼ ባይ በቴሌቪዥን የልብስ ሳሙና ማስታወቂያ። እማዬ ለአረፋው "መጣሽ የኔ ልጅ? ደከመሽ አይደል?" ትለዋለች። እኔ ቢላ ይዤ በር ላይ...
በሳሙና ይቀናል? ቀናሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12
ጣቢያው ሄጄ ለድምፅ ባለሙያችን ነገርኩት። መላጣው ነው የምንለው፣ እሱም አይከፋውም።
"ሙዚቃዬን ሰረቁኝ።"
"ማን ሰረቀሽ፣ እመቤት? ከኢንተርኔት የገዛነው ፈቃዱን ነው እንጂ ሙዚቃውን አይደለም። የከፈለ ሁሉ ይጠቀምበታል። እነሱም ከፍለዋል።"
"የኔ አይደለም በለኛ።"
"የኪራይ ቤት በይው። ያውም ከስንቱ ጋር።"
አለቃችን ደግሞ ባሰባቸው። አድማጭ ፕሮግራማችንን ከሳሙናው ጋር እያምታታው ስለሆነ ከሐሙስ ጀምሮ ሌላ ሙዚቃ ይገባል አሉ። ስለ እማዬ ልናገር አፌን ከፈትኩና... ጣቢያው ለአንዲት አሮጊት ሲል? "ምርጫውን ለኔ ይተዉልኝ" ብቻ አልኩ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13
መላጣው ፈቃድ ያላቸውን ሙዚቃዎች ስልኬ ላይ ጫነልኝ። ለእማዬ አንድ በአንድ ከፈትኩላት። በአንዱ አንቀላፋች። በአንዱ "ዝጊው፣ ሰው ታሟል እንዴ?" አለች። ዋሽንት የመሰለው ሲመጣ ግን ጣቷ ጉልበቷን መታ መታ አደረገ። እሱን ያዝኩ። ጣት መታ አደረገ ማለት ልጅን ማወቅ ነው? እንጃ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14
አዲሱ ገባ።
ቤት ስደርስ የወንድሜን ሚስት ዓይን ማየት ፈራሁ። "ንገሪኝ" አልኳት።
"ቀና አላለችም፣ እትዬ።"

ሐሙስ፣ ኅዳር 5
ዛሬ የወንድሜ ሚስት በሳቅ መናገር አቅቷት ነው የተቀበለችኝ።
"ዋሽንቱ ሲጀምር ሻሿን አስተካከለች። 'ይቺ ትንሿ ናት' አለች።"
"የምን ትንሿ?"
"ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ ትላለች። ትልቋ ሳሙና ትሸጣለች፤ ትንሿ ወሬ ታበዛለች።"
በዚህ ዕድሜዬ እህት አገኘሁ። ሳቅኩ... ትንሽም አለቀስኩ መሰለኝ።
ገብቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። "የማን ልጅ ነሽ?" አለችኝ። በፊት ቢሆን ልጇ መሆኔን ላስረዳት እታገል ነበር።
"የትንሿ ልጅዎ ጓደኛ ነኝ" አልኳት።
እጄን ያዘችኝ። "እንኳን መጣሽ። ጎበዝ ናት እኮ፣ ግን ምግብ አትበላም። እስቲ አንቺ ምከሪያት።"
እመክራታለሁ አልኳት። እራቴን እዚያው አጠገቧ ቁጭ ብዬ፣ ሳላስተርፍ በላሁ።