በገዛ ደጃፋቸው ያለፉት ብስክሌተኛ

ዛሬ የምንሸኛቸው አጎታችን፣ ሰፈሩ «ጋሽ ፔዳል» እያለ የሚጠራቸው፣ ከፀጉር አስተካካይ አባታቸውና በሆስፒታል ልብስ አጣቢ ከነበሩት እናታቸው፣ ከፀጉር ቤቱ ጀርባ ባለችው አንዲት ክፍል ተወለዱ። በፀጉር ቤቱ ውስጥ ሁለት ትልልቅ መስተዋቶች ፊት ለፊት ተሰቅለው ነበር። አንዱ በሌላው ውስጥ እየታየ፣ ወንበሩም መብራቱም እየተደጋገመ፣ ወደ ውስጥ የሚዘልቅ፣ እየጠበበ ሄዶ አረንጓዴ ጭጋግ የሚሆን ረጅም መንገድ ይታይባቸዋል። አጎታችን በልጅነታቸው የተቆረጠ ፀጉር ላይ ተቀምጠው ይህን መንገድ ሲያዩ ይውሉ ነበር። አንድ ቀን «አባባ፣ የመጨረሻው ፀጉር ቤት የቱ ጋ ነው?» ብለው ጠየቁ። አባታቸው መቀሱን ሳያቆሙ «እዚያ ደርሶ የመጣ ደንበኛ የለኝም» አሏቸው። ወንበሩ ላይ የነበረው ሰው በሳቅ ሲንፈራፈር ጆሮው ለጥቂት ተረፈ።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው ሰፈራቸው አጠናቀው በቴክኒክ ትምህርት ቤት የቧንቧ ሥራ ተማሩ። በሃያ ዓመታቸው በከተማው ውሃ መሥሪያ ቤት በቆጣሪ አንባቢነት ተቀጠሩ፤ ለሥራቸውም ከባድ ጥቁር ብስክሌት ተሰጣቸው። ቆጣሪ የሚነበበው በየግቢው ጥግ አጎንብሶ፣ የብረት ክዳኑን አንሥቶ፣ ጭቃውንና የሸረሪቱን ድር በእጅ ጠርጎ ነው። አጎታችን ሥራውን አልጠሉትም። ከአንዱ ግቢ ወጥተው ሌላው እስኪደርሱ በብስክሌቷ ላይ የሚያሳልፏትን ጊዜ ግን «ዋናዋ ደመወዜ እሷ ናት» ይሉ ነበር።

ባለቤታቸውን ያገኙት የስልክ ቤቱን ቆጣሪ ሊያነቡ ሄደው ነው። ባለቤታቸው ያኔ ከማዞሪያው ሰሌዳ ፊት ተቀምጠው መስመር የሚያገናኙ ኦፕሬተር ነበሩ። «ይቅርታ፣ ቆጣሪው የት ነው?» ቢሏቸው፣ የጆሮ ማዳመጫውን ሳያወልቁ «ይጠብቁ፣ መስመሩ ተይዟል» አሏቸው። አጎታችን ጠበቁ። በዓመቱ ተጋቡ፤ አንዲት ሴት ልጅም ወለዱ።

በእረፍት ቀናቸው በብስክሌት ወደ ቅርብ ከተሞች መሄድ ጀመሩ። ቆይቶ ድንበር ተሻገሩ። በአርባ ዓመታቸው ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወስደው፣ ብቻቸውን ሁለት አህጉር ሊያቋርጡ ተነሡ። ባለቤታቸው ሹራባቸውን እያጠፉላቸው «ሂድ። ስትመለስ ግን ተመለስ» አሏቸው። አካሉ ቤት ገብቶ ልቡ መንገድ ላይ የቀረ ባል አልፈልግም ማለታቸው ነበር።

አጎታችን ስለዚያ ጉዞ ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር፤ የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅሱ የፈሩ ይመስል። በነጭ የጨው ሜዳ ላይ ሲነዱ እሳቸው የቆሙ፣ መሬቱ ግን ከፊት እየመጣ በጎማቸው ሥር የሚያልፍ ይመስላቸው እንደነበር ነግረውናል። በአንድ አገር ከቁመታቸው የሚበልጥ የሱፍ አበባ መካከል ሙሉ ቀን ሲነዱ ከሰማይ በቀር ያዩት አልነበረም። ቋንቋ በማይግባቡበት ከተማ አንዲት አሮጊት ልብስ ሰፊ የአጎታችንን የተቀደደ እጅጌ አይተው አስቆሟቸውና፣ መንገደኛው እንዳይዘገይ ብለው ልብሱን ከላያቸው ሳያስወልቁ ሰፉላቸው። ባደሩበት ከተማ ፖስታ ቤት ባገኙ ቁጥር ጠዋት ከመነሣታቸው በፊት ይደውላሉ። ባለቤታቸው የባላቸውን ድምፅ ከመስማታቸው በፊት ኦፕሬተሮች እሳቸው በማያውቁት ቋንቋ መስመሩን አንዱ ለአንዱ ሲያቀብሉ ያዳምጡ ነበር። ድምፁ በመጨረሻ ሲደርስ ውሃ ውስጥ ሆኖ የሚናገር ሰው ይመስል ነበር።

ብቻውን የሚጓዝ ሰው ሕጉን ራሱ ያወጣል። አጎታችንም ሁለት ሕግ አወጡ። አንደኛው፣ መንገድ ዳር ለቆመ ሰው ሁሉ ቀኝ እጅን አንሥቶ፣ ፈገግ ብሎ ማለፍ ነው። ሁለተኛው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከብስክሌት አለመውረድ ነው፤ የወረደ እግር ዳግመኛ ለመውጣት ይሰንፋልና። እነዚህ ሁለት ልማዶች በሁለት ዓመት ውስጥ ከአጥንታቸው ጋር ተዋሐዱ።

የሚመለሱበት ቀን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ባለቤታቸው፣ ልጃቸውና ጎረቤቱ በሙሉ ደጃፍ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ከሰፈሩ ጎማ ጠጋኝ፣ ከጎሚስታው ጥግ ብቅ አሉ፤ ከስተዋል፣ ፀሐይ አክስላቸዋለች። ልጃቸው ጮኸች። አጎታችን ቀኝ እጃቸውን አነሡ፤ ፈገግ አሉ፤ አለፉ። ሰው መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ቁልቁለቱን ወርደው ሲሰወሩ ግን ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ። አናጢው ጎረቤታችን «ፍሬኑ እምቢ ብሏቸው ነው» አሉ። ባለቤታቸው «ፍሬን እንኳ አልያዘም። አይቼዋለሁ» ብለው ገቡና በሩን ዘጉ።

ፀሐይ ስትጠልቅ አጎታችን ከከተማው ማዶ ባለው የጡብ ፋብሪካ በር ላይ ወረዱ። እንደ ልማዳቸው ድንኳን የሚተክሉበት ቦታ ዘበኛውን ጠየቁ። ዘበኛው «ወዴት ነዎት?» አሏቸው።

«ወደ ቤቴ።»

«ቤትዎ በየት በኩል ነው?»

አጎታችን ለማሳየት እጃቸውን ዘረጉ። እጃቸው የሚያመለክተው ወደ መጡበት ወደ ኋላ ነበር። ያን ጊዜ ከእንቅልፍ እንደነቃ ሰው ያሳለፉት ከሰዓት ሁሉ አንድ በአንድ መጣላቸው፦ የጎሚስታው ጥግ፣ የቤታቸው ሰማያዊ በር፣ ትንሿ ልጃቸው። ለእኅታቸው ሲያስረዱ «ሕልም እያየሁ ነበር፤ ሕልሙ ውስጥ እነሱም ነበሩ። እጄ ከኔ ቀድሞ ሰላም አለ» ብለዋል።

ጎህ ሲቀድ ደጃፋቸው ላይ ነበሩ። ባለቤታቸው በሩን ሳይከፍቱ «ሰላምታህ ትናንት ደርሶናል፤ መልካም መንገድ» አሏቸው። በኋላ ከፈቱላቸው። ሻንጣዎቹን ግን ማንም እንዳይነካ ብለው ከበሩ ሥር እንዳሉ ተዉአቸው። ለእሳቸው ባላቸው ገና አልተመለሱም። እውነቱን ለመናገር አጎታችንም ስለ ራሳቸው እርግጠኛ አልነበሩም፤ ጠዋት ሲነቁ ያሉበትን አገር ይጠይቁ ነበር።

ከዚህ በኋላ ነው ሰፈራችን የሚያውቀው የጋሽ ፔዳል ልማድ የተጀመረው። በየቀኑ ከሥራ ሲመለሱ ከጎሚስታው ጥግ ብቅ ይሉና፣ ደጃፋቸው ሲደርሱ ፍሬን ይዘው፣ ሁለት እግራቸውን መሬት አስነክተው፣ ጮክ ብለው «ደረስኩ» ይላሉ። ጎረቤቱ «ጋሼ፣ ዛሬስ ቤትዎን አላለፉትም?» እያለ ይስቅባቸዋል። ዝናብም ቢሆን አልቀሩም። ባለቤታቸው ከመስኮቱ ሆነው ያያሉ፤ አይመልሱም። ወራት አለፉ። አንድ ቀን፣ ከሌላው ቀን የተለየ ነገር ሳይኖረው፣ ከውስጥ «እንኳን ደህና ገባህ» የሚል ድምፅ ተሰማ። አጎታችን ብስክሌታቸውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። በዚያው ምሽት ሻንጣዎቹ ተፈቱ።

ጡረታ ከወጡ በኋላ በባለቤታቸው ፈቃድ ሦስተኛ አህጉር አቋርጠዋል። ሲመለሱ ባለቤታቸው ደጃፍ ላይ አልቆሙም። እንደ ትራፊክ ፖሊስ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መንገዱ መሀል ቆሙ። «ደግሞ እንዳመሌ የማልፍ መሰለሽ?» ቢሏቸው፣ «አንተን አምናለሁ፤ እጅህን ነው የማላምነው» አሏቸው።

አጎታችን በልብ ሕመም ምክንያት ላለፉት ወራት በቤታቸው ሲታከሙ ቆይተዋል። በመጨረሻዎቹ ቀናት ዓይናቸው ተከድኖ እግራቸው በብርድ ልብሱ ሥር ቀስ እያለ ይሽከረከር ነበር። ማንን እንደሚያልፉ፣ የትኛውን ሜዳ እንደሚያቋርጡ አናውቅም። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ዓይናቸውን ገልጠው «ይኼ የማን ቤት ነው?» አሉ።

ባለቤታቸው እጃቸውን በአጎታችን ጉልበት ላይ አኖሩና «የኛ ነው። ደርሰሃል፤ በል ውረድ» አሏቸው።

እግራቸው ቆመ። ከጥቂት ጊዜ በኋላም በተወለዱ በሰባ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ።

አጎታችን ባለቤታቸውን፣ አንዲት ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እኅታቸውንና በየአገሩ እጃቸውን አንሥተው ሰላም ያሏቸውን፣ ስማቸውን የማናውቃቸውን ብዙ ሰዎች ትተው ሄደዋል። ለባለቤታቸውና ለልጃቸው ፈጣሪ ብርታቱን ይስጥ። የአጎታችንንም ነፍስ በደጁ አያሳልፋት፤ ያስገባት።