ዘፈኑ ውስጥ የሌለው ነጠላ

መካነ ሰላም፣ ግንቦት

ለአብሮ አደጌ፣

ከዚህ የተነሳው ሰላምታዬ የጃማን ብርድ አልፎ ደጎሎ እቤትሽ ድረስ ይግባ። እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይ? ልጆቹስ? ትንሿ ጥርሷን ነቀለች አሉ፤ ጣሪያ ላይ ሳትወረውሩላት እንዳትቀሩ። ገብሱንስ ውርጭ አልመታባችሁም? ባለቤትሽን እጅ ነስታሃለች በይልኝ። እኛ ደህና ነን፣ ፈጣሪ ይመስገን። እናቴም ጆሮዋ ከመክበዱና ወገቧ ከመጉበጡ በቀር ደህና ናት። ጮኸን የምንነግራትን አትሰማም፤ ያንቺን ስም ግን በሹክሹክታ ብንጠራው እንኳ ከጓዳ ሆና «ምን ሆነች?» ትላለች።

በስልክ ብነግርሽ ይቀለኝ ነበር። ግን ኔትወርኩ አንድ ቀን መጥቶ ሰንበት ብሎ ይጠፋል፤ ሲገኝም የሚያነሳው ባለቤትሽ ነው። ጥሩ ሰው ነው፣ ሰላምታውም ደስ ይላል። ብቻ ይህን ለብቻሽ እንድታነቢው ስለፈለግኩ ነው ወረቀት የያዝኩት። ሹፌሩ አስናቀው በእጅሽ ካልሆነ ለማንም እንዳይሰጥ አስምዬዋለሁ።

አስቀድሜ ደስታውን ልንገርሽ፣ አላስችል ብሎኛል። እድላዊት አልበም አወጣች። ያቺ የኛ እድላዊት፣ ሞታለች ሲሏት፣ መንኩሳለች ሲሏት፣ ባሕር ማዶ ጠፍታ ቀረች ሲሏት የኖረችው፣ ያንኑ ድምፅዋን ይዛ ከች አለችልሽ። አልበሙ «ዘገየሁ» ይባላል። ትንሽ ጎርነን ብላለች፤ ግን እንደ ድሮው መጨረሻ ላይ ስትስበው ያ የምናውቀው ነገር አለ፣ አንጀት የሚቆርጠው።

ሱቄ እንደምታውቂው መናኸሪያው አጠገብ ነው። ከጎኔ ጸጉር የምትሠራው አስቻለች አልበሙን በፍላሽ አስገልብጣ አመጣችና ከማለዳ ጀምራ መንደሩን አናወጠችው። እኔም የስፌት መኪናዬን እየረገጥኩ አብሬ ስዘፍን የአንዱን ደንበኛ ሱሪ እግሩን በግልባጭ ሰፋሁት አልልሽም? ሰውየው ሊቆጣ መጣ፤ ሦስተኛው ዘፈን ሲጀምር እሱም በርጩማ ስቦ ቁጭ አለ። ሁለተኛ ደረጃ አማርኛ የሚያስተምረው መምህር ምናለም ክፍል በሌለው ሰዓት እየመጣ በሩን ተደግፎ ይፈርዳል። እሱ አራተኛው ይበልጣል ይላል። አስቻለች ደግሞ አራተኛው ስለ ወንደላጤ ስለሆነ ነው፣ ራስህን አይተህበት ነው እያለች ታደብነዋለች። እኔ ከሁሉም አላበላልጥም። በዚህ ዕድሜዬ ዓይኔን ጨፍኜ ስወዛወዝ ብታዪኝ እንደ ዘጠነኛ ክፍላችን ሆዳችንን ይዘን በሳቅን ነበር።

ያቺ ካሴት ትዝ ትልሻለች አይደል? ክሩ ሲተሳሰር በእስክሪብቶ እየጠመዘዝን ስናስገባው። የቴፑ ባትሪ ድንጋዮች ሲያልቁ ዓባይነህ ከእርሻ መልስ ፀሐይ ላይ እየደረደረ ሲያሞቃቸው፣ ለሁለት ዘፈን ያህል ነፍስ ሲዘራባቸው። እኔና አንቺ ጓደኛሞች ነን ብዬ ሳስብ፣ ለካ ወንድሜ ባትሪ የሚያሞቀው ለኔ አልነበረም። ባትሪ አሙቆ ያገባት ሚስት እያልኩ ስንት ጊዜ ስቄብሻለሁ።

አሁን ወደ ሰባተኛው ዘፈን ልምጣ። ቁጭ ብለሽ ካልሆነ አታንብቢው።

ስሙ «ነጠላዋ» ይባላል። ቀስ ያለ ነው፤ ከማሲንቆ በቀር የሚያጅባት የለም። አስቻለች መጀመሪያ ለጸጉር ቤት አይሆንም ብላ ስትዘለው ከረመች። የደረስኩበት በኋላ ነው። እንዲህ ብላ ትጀምራለች፤

ከወግዲ ገበያ ሸጬ ስመለስ፣
ዝናብ አዋለደኝ ዋንዛው ሥር ስደርስ።

አብሮ አደጌ፣ እግሬ መኪናው ላይ ደርቆ ቀረ። ይህ የእድላዊት ግጥም አይደለም። የእናቴ ነው። ዓባይነህን ከገበያ ስትመለስ መንገድ ላይ የወለደች ጊዜ ለራሷ የገጠመችው፣ ስትፈጭ ብቻ የምታንጎራጉረው። ከኛ ቤት ከገባሽ በኋላ ከጎኗ ተቀምጠሽ ስትሰሚው ኖረሻል። ከዚያ ወፍጮ አልፎ የትም ሄዶ አያውቅም።

መጀመሪያ አባተ ነው ብዬ ልቤን አረጋጋሁ። አብሮት የሄደው አባተ አይደል ከመተማ፣ ከሰሊጥ አጨዳው ተመልሶ፣ ዓባይነህን ወባ ጣለው፣ እኔ ስለየው ትንፋሽ አልነበረውም፣ እዚያው ሊቀብሩት ሲያነሱት አየሁ ብሎ መርዶውን ያመጣልን። ሬሳ ሳናይ ልብሱን ዘርግተን አለቀስን። ወንድሜ አጨዳው ላይ ሲያንጎራጉር አባተ ሰምቶት ለሌላ ሰው አሰምቶት ይሆናል አልኩ። እዚህ ላይ ብታቆምልኝ ይህንኑ አምኜ እቀመጥ ነበር። አላቆመችም፤

እናቴ ደግሳ ዳስ ጥላ አየኋት፣
ሚስቴን ስትድራት ቆሜ መረቅኋት።

አስቻለችና ምናለ በዚህ ተከራከሩ። ሴት ሆና ሳለ ለምን በወንድ አንደበት «ሚስቴን» ትላለች? ደግሞስ «ነጠላዋ» ተብሎ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነጠላ የሚባል ነገር ለምን አይነሳበትም? ምናለ ሚስትየዋ የእናት አገር ምሳሌ ናት፣ ነጠላውም ሰንደቅ ነው ብሎ ረጅም ትንታኔ ሰጠን። አስቻለችም እናት አገርን እናትየው ለማን ነው የዳረቻት ብላ አስቆመችው። ሁሉም ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ሳቁ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

የፈት ሰርግ ድምፅ የለውም ሲባል ነው የምናውቀው። እናቴ ግን ልጇን ባለቀሰች በሦስተኛው ዓመት፣ ይህች ልጅ ከል ለብሳ አታረጅብኝም፣ እንደ ወለድኳት እድራታለሁ ብላ በገዛ ግቢዋ ዳስ ጣለችልሽ። አገር ጉድ አለ። የልጇን ሚስት ደግሳ የዳረች እናት በወግዲም በከላላም ሌላ ሰምተን አናውቅም። ይህን ዘፈን ሊገጥም የሚችል ሰው እንግዲህ ስንት ነው?

ከዚያ ሦስተኛው ስንኝ መጣ፤

እህቴ ከደጃፍ እንጀራ ሰጠችኝ፣
ቀና ብላ አላየች፣ በልተህ ሂድ አለችኝ።

እህቱ እኔ ነኝ። ሌላ የለውም። ያን ቀን ጋቢ ተከናንበው ከአጥሩ ሥር ለተደረደሩት የኔ ቢጤዎች እንጀራ ያከፋፈልኩት እኔ ነኝ። ፊታቸውን ላስታውስ ስል የሚመጣልኝ እጅ ብቻ ነው፤ ከጋቢ ሥር የሚወጣ እጅ፣ ብዙ እጅ። ይኸው ዘፈኑን ከሰማሁ ወዲህ ደንበኛ ገብቶ ጨርቅ ሲያቀብለኝ ከፊቱ በፊት እጁን ነው የማየው። ቄሶቹ የዓባይነህን ስም ከሙታን ጋር ሲጠሩ አሜን የሚለው አፌም አሁን አልታዘዝ ብሎኛል። ባለፈው ቅዳሜ ዝም ብዬ ስቆም ከጎኔ ያሉት ዞረው አዩኝ።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ እድላዊት ሬዲዮ ላይ ቀረበች። አስቻለች ጸጉር ማጠቢያውን ዘግታ፣ አንዷን ሴት በአረፋዋ አስቀምጣ ጮክ አደረገችው። ጋዜጠኛው ሰባተኛውን ጠየቃት። አምና ወደ መተማ በኩል ለዝግጅት ሄዳ ሳለ፣ የሰሊጥ መጋዘን የሚጠብቅ አንድ ጎልማሳ በሩ ላይ አስቁሟት እንደዘፈነላት ተናገረች። ስሜን አትጥሪ ብሏታል። ለምን ለእኔ ትሰጠኛለህ ብትለው የመለሰላትን እንዳለ ልጻፍልሽ፤ «ቤቴ ውስጥ ድምፅሽን የሚወዱ ሁለት ሴቶች አሉ። ካንቺ አፍ ከወጣ ይሰሙታል።» የዘፈኑን ስም ያወጣውም እሱ ነው። ምን ማለት ነው ብላ ስትጠይቀው ሳቀ እንጂ አልነገራትም።

አስቻለች አለቀሰች። ምን ዓይነት ዕድለኞች ናቸው ሁለቱ ሴቶች አለች። እኔ መቀስ ይዤ ቆሜአለሁ።

አምና ነበር፣ አብሮ አደጌ። አምና ቆሞ ይዘፍን ነበር፣ ይስቅ ነበር። ደስታዬን ብታዪው። ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ ብቻዬን እልል አልኩ፤ ከዚያ ደግሞ እልልታዬን ማን ሰማብኝ ብዬ ፈራሁ። የቆጠርነው ዕንባ፣ ያወጣነው ተዝካር፣ ሁሉ ለማን ነበር? እነዚያን ሦስት ዓመታት የት ነበር? በሽታ ይሁን እስር፣ ሱዳን ይሁን የት፣ ምኑንም አላውቅም። የማውቀው መጥቶ እንደነበር ነው። መጥቶ ዳሱን አይቶ፣ እንደ እንግዳ በልቶ መሄዱን።

አንድ ነገር ላስታውስሽ። ላስታውስሽ ነው እንጂ ልጠይቅሽ አይደለም። ከዳሱ ስትወጪ፣ ሚዜዎቹ ወደ በቅሎዋ ሲወስዱሽ፣ ከአጥሩ ሥር ካሉት የኔ ቢጤዎች ፊት ቆም አልሽ። እናቴ በእጇ የፈተለችልሽን ነጠላ ከላይሽ አንስተሽ ለአንዱ አለበስሽው። ሚዜዎቹ ሳቁ፣ ሙሽሪት ገና ከበሩ ሳትወጣ ንብረት ትበትናለች አሉ። እናቴ ለባሏ ነፍስ መስጠቷ ነው ብላ መረቀችሽ። ከዚያ በበቅሎዋ ላይ እስከ ጋራው ጫፍ ድረስ ዞረሽ ዞረሽ እያየሽ አለቀስሽ፤ ሙሽራ ያለቅሳል ተባለ።

ይኸው ነው። ሌላ አልልም። እነምናለ ዛሬም በዘፈኑ ስም ይከራከራሉ፤ እኔ አልፈታሁላቸውም። አንቺም አትፍቺልኝ።

እናቴን ግን ዝም ልላት አልቻልኩም። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ማዳመጫውን ጆሮዋ ውስጥ ሰካሁላት። የራሷን ግጥም ስትሰማ ማን ሰረቀኝ ብላ ፈገግ አለች። ዳሱ ጋ ሲደርስ ፊቷ ቀጥ አለ። ሲያልቅ ድገሚው አለችኝ፣ ደገምኩት። ማዳመጫውን አውጥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«በላ?» አለች። «ያን ቀን የሰጠሽውን በላው?»

አላውቅም አልኳት።

በማግስቱ ፍርዷን ሰጠች። ፈልገሽ አምጪው አልልሽም፣ እሷንም እንዳትነግሪያት አለችኝ። የአራት ልጆች እናት ናት፤ ተዝካሩ የወጣለት ባል ከመቃብር መጣ ተብሎ ትዳሯ በአገር አፍ ሊገባ ነው ወይ? እኔ ወንድሜ ነው እኮ እማዬ ብላት፣ «እሱን ወለድኩት፣ እሷን ዳርኳት» አለችኝ፤ «በየትኛው ልጄ ልጨክን?»

እኔ ይኸው ነገርኩሽ። ለሁለት ሴቶች የተላከ ነገር አንዷ ጋ ብቻ ታፍኖ ሲቀር አላምር አለኝ። ብትቆጪኝም እችለዋለሁ።

ሰኞ እሄዳለሁ። ዓባይን ተሻግሬ በጎጃም በኩል፣ መኪና እየቀየርኩ፣ መንገዱ እስከፈቀደልኝ ድረስ። ላመጣው አይደለም፣ አብሽሪ። ና ብለው ያንቺን ቤት አፈርሳለሁ፤ አትምጣ ልለው ምላሴ አይታዘዘኝም። ካገኘሁት ፊቱን ላየው ነው፣ ሌላ ያሰብኩት የለም። የምትልኪው ቃል ካለሽ እስከ እሁድ በአስናቀው ላኪልኝ፤ አንድ ቃልም ትበቃለች። ካልላክሽም አልቀየምሽም፤ ደህና ናት፣ ልጆቿ አድገዋል ብቻ እለዋለሁ። ይህን ወረቀት አንብበሽ ስትጨርሺ እሳት ውስጥ ጨምሪው።

እናቴን ጨርቅ ልገዛ ደሴ ልሄድ ነው ብያታለሁ። ደግ አደረግሽ አለች። ዛሬ ከሱቅ ስገባ ያቺ ከወገቧ ቀና ማለት የማትችል ሴትዮ ገብስ ቆልታ፣ አስፈጭታ፣ በቅቤ አሽታ ጭኮ ሠርታለች፤ ድፎ ዳቦ ጋግራ በጨርቅ ጠቅልላለች፤ ለአንድ ሰው የወር ስንቅ የሚሆን። እማዬ ለደሴ መንገድ ይህ ሁሉ ምን ይሠራል አልኳት።

«ጨርቅ ሻጩ ይርበው ይሆናል» አለችኝ።

ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ቁጭ ብሎ ይብላ» አለች። «በልቶ ሲጠግብ አይተሽ ነይ።»

ፈጣሪ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ ከክፉ ወሬና ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። ጎጆሽ ሙሉ፣ እንቅልፍሽ ሰላም ይሁን።

የምትወድሽ
አብሮ አደግሽ