ዳማውን ከወንድምህ ጓሮ አመጣሁት

ወርቄ፣ የቤቴ ጌታ፣

ከተለያየን ዓመት አልፎ ሁለተኛው ፋሲካ እየመጣ ነው። ጤናችንን እግዜር ይመስገን። ልጃችን አበባ ስምንተኛ ክፍል ገብታለች፤ የሚያፈሰውን ጣራም አሳድሰናል። ሰላም ነን ብዬ ግን አልዋሽህም። ተናድጃለሁ። በወንድምህ ተናድጃለሁ፤ በአንተም።

ፈረስህን ዳማውን አልረሳኸውም መቼም። ከእኔ ይልቅ ለእሱ ነበር የምትስቀው። ጥምቀት ዕለት ጉግስ ሜዳው ላይ ከጀርባው ወድቀህ የቀረህ ጊዜ፣ ለቅሶህ ላይ እሱኑ ጭነው አዞሩት። ታላቅ ወንድምህ አያልነህ አንገቱን አቅፎ ሲያለቅስ ሰው ሁሉ አብሮት አለቀሰ። ከቀብር መልስ «ፈረሱ እኔ ዘንድ ይሁን፤ አንቺ አትችይውም» ብሎ ወሰደው። ሐዘን ላይ ነበርኩ፤ አመንኩት።

ነሐሴ ላይ ሚስቱ ወልዳ ልጠይቃት ሄድኩ። ከጓሮ የሚከረፋ ነገር ሸተተኝ። ዞር ብዬ ባይ ዳማው ነው! ከባሕር ዛፍ ጉቶ ላይ በአጭር ገመድ ታስሮ ጭቃ ውስጥ ቆሟል። ገመዱ የእግሩን ቆዳ በልቶ ሥጋው ውስጥ ገብቷል። ጀርባው ቆስሎ ዝንብ ሰፍሮበታል። ሰኮናው ያለ ልክ አድጎ ተሰነጣጥቋል። ስጠራው ጆሮውን እንኳ አላነሳም።

«ምን አድርጎህ ነው?» አልኩት ወንድምህን።

«ወንድሜን የበላ ፈረስ ነው። አልሸጠውም፣ አልገድለውም። እንደቆመ ይሙት» አለኝ፣ ምሳ በልቶ እጁን እየታጠበ።

ማጭድ አንስቼ ገመዱን ከጉቶው ቆረጥኩት። «ሴት ከደጄ ፈረስ ስትነዳብኝ!» እያለ ጮኸ። በአንድ እጄ ጋማውን ይዤ፣ ሲንገዳገድ በትከሻዬ እየደገፍኩ ቤታችን አደረስኩት። ወርቄ፣ ያን መንገድ ሙሉ የሰደብኩት አንተን ነው።

ከአምበር ከተማ የእንስሳት ሐኪም አስመጣሁ። ገመዱን ከሥጋው አውጥታ ቁስሉን አጠበችልኝ፤ ሰኮናውንም ሞረደችው። «አሳዝኖሽ ገብስ በአንዴ እንዳትሰጪው፣ ይሞትብሻል። ሣር፣ ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ» አለችኝ። እኔና አበባ እየተፈራረቅን አበላነው። የወንድ ድምፅ ሲሰማ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጎረቤቱ «የባሏን ገዳይ ትቀልባለች» ሲል ሰማሁ፤ ይበል። መስቀል ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት ሜዳው ላይ ተጋድሞ ተንከባለለና ተነስቶ አቧራውን አራግፎ አሽካካ። አበባ እየሮጠች መጥታ አቀፈችኝ። ካንተ በኋላ የሳቅነው ያን ቀን ነው።

ወንድምህ ግን አልተወኝም። በሙት ዓመትህ ዕለት ሽማግሌ ሰብስቦ «ፈረሱን ትመልስልኝ» ብሎ ከሰሰኝ። ኮርቻህን ከጓዳ አውጥቼ እግሩ ሥር ጣልኩለት። በፈረሱ ሆድ ሥር የሚያልፈው ጠፍር በስብሶ መሃሉ ላይ ተበጥሷል።

«ያን ቀን ማን ነው የጫነለት?» አልኩት።

እሱ ነበር የጫነልህ። ሁሉም ያውቃሉ። ጠፍሩን አንስቶ ሲያገላብጥ ቆየና «ይይዛል ብዬ ነው» አለ፣ እንደ ልጅ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። እኔ ግን አላዘንኩለትም። መሳሳቱን ይቅር እለው ነበር፤ ለእሱ ስህተት አፍ የሌለው ፍጡር መቀጣቱን ነው ያልቻልኩት። ፈረሱንም ዳግም አልጠየቀኝም።

አንተንስ ምን ልበልህ? «ጠፍሩን አስቀይር» ብዬ ስለምንህ «ከጥምቀት በኋላ» እያልክ ሳቅህብኝ። ከጥምቀት በኋላ ያለውን ሁሉ እየኖርኩት ያለሁት እኔ ነኝ።

ዳማው አሁን ወፍሯል። እግሩ ትንሽ ያነክሳል፤ ጠባሳው ላይ ፀጉር አልበቀለም። ለዘንድሮው ጉግስ አውሺን ብለው የመጡትን ጎረምሶች ከደጄ አባርሬያቸዋለሁ። ገበያ ስሄድ ምንም ሳልጭንበት ከኋላዬ ይከተለኛል።

ወርቄ፣ ሌሎች ሚስቶች ባሎቻቸውን በእንባ ያስታውሱ ይሆናል። እኔ ለጊዜው በቁጣ ነው የማስታውስህ። ቁጣዬ አንድ ቀን ይበርድልኝ ይሆናል። ያኔም አልረሳህም።

ያንተዋ በላይነሽ