የልጅሽ ቼክ

ለታናሽ እህቴ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? እኔ ከጉልበቴ በቀር አለሁ፤ አንቺ ባትጠይቂኝም።

ጣሪያው ተጠግኗል። ልጅሽ እስር ቤት ናት። ለስፌት መኪና መግዣ ያበደርኳትን ገንዘብ አልመለሰችም፤ እኔም ለመያዣ የሰጠችኝን ቼክ ባንክ ወሰድኩት። ፈርማበት ቀኑን ባዶ ትታው ነበር። «አክስቴ ፊደል የት ታውቃለች» ብላ ይሆናል! በስተርጅና ፊደል በተማረው እጄ ቀኑን አሳምሬ ጻፍኩበት። ባንኩ «ሒሳቧ ውስጥ ገንዘብ የለም» ብሎ ሲመልሰኝ ቀጥ ብዬ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ።

ትንሽ ትደንግጥ ብዬ ነበር። በሳምንቱ «በቃ፣ ትቼላታለሁ፣ ልቀቋት» ብላቸው ዐቃቤ ሕጉ ሳቀብኝ።

«እማማ፣ ደረቅ ቼክ መስጠት ወንጀል ነው። ክሱ አሁን የመንግሥት እንጂ የእርስዎ አይደለም» አለኝ።

ገንዘቡ የኔ፣ ክሱ የነሱ!

ምሳ እወስድላታለሁ፤ ሳትከፍለኝ እንዳትሞት ብዬ ነው። ከስታለች፤ ድሮስ መቼ ሥጋ ነበራት? ትናንት ትሰድበኛለች ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ብሄድ፣ «አክስቴ፣ በዚህ ፀሐይ ለምን መጣሽ? ቁጭ በይ» አትለኝ መሰለሽ? ምን ዓይነት ልጅ ነው ያሳደግሽው? መሳደብ እንኳ አታውቅም።

ፍርዱ ለወሩ መጨረሻ ተቀጥሯል። «ለእናቴ እንዳትጽፊ» ብላ ለምናኛለች፤ እኔ የማንንም ምስጢር አልጠብቅም።

ለባልሽና ለጎረቤቶችሽ ሰላምታዬን አድርሽልኝ። ጎበዝ ጠበቃ የምታውቂ ከሆነ ስሙን ቶሎ ላኪልኝ። ለኔ እንዳይመስልሽ፤ እኔማ ከሳሽ ነኝ።

ታላቅ እህትሽ