ለብቻ የቀረበ ሳህን

ይድረስ ለታላቄ፣ ለእታለሜ።

እንዴት ከርመሻል እታለሜ? ጤናሽ፣ ጉልበትሽ፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ ያች እግርሽ እንዴት ናት? ጤፉ ታጨደ? ባለፈው ሰሞን ያለ ወቅቱ የጣለው ዝናብ እኛን እዚህ ጎንደር ላይ ጃንጥላ አስይዞን ነበር፤ እናንተ ዘንድ ትክል ድንጋይ ደግሞ ሰብሉን እንዳያበላሽባችሁ ስሰጋ ሰነበትሁ። ላሚቱስ ወለደች? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ሰርካለም እጅ ትነሳለች። ሶሊያናም አክስቴን ሳምልኝ ብላለች።

ደብዳቤ የጻፍሁልሽ ወድጄ አይደለም። ስልክ ስደውል የምታነሳው ልጅሽ እናኑ ናት። «እማየ ከብት ልትመልስ ወጥታለች» ትለኛለች። እሺ እላለሁ። ከኋላዋ ግን «ወጥታለች በይው፣ ወጥታለች በይው» የሚል የማውቀው ድምፅ ይሰማኛል። በዚህ ዕድሜሽ ልጅ ውሸት ታስተምሪ? ደግሞስ በዚያ እግርሽ ከብት የምትመልሺ ከሆነ ውሸቱ ይሻለኛል። ስለዚህ ይህን ወረቀት ለገበያ ለመጣው ለጎረቤትሽ ለአያ አዳሙ ሰጥቼዋለሁ። እናኑ፣ አንቺም ስሚኝ። «ይህን ዝለይው» ብትልሽ እንዳትዘይው። የማያስደስታት ቦታ ላይ ስትደርሺ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ።

የተቀየምሽበትን አውቃለሁ። ሳላነሳው ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ሳይነገር የሚሽር ቅያሜ አላየሁም። ጥቅምት ላይ ያንን የእግር ጣትሽን ቁስል ልናሳይ ሐኪም ቤት ወሰድንሽ። ሐኪሙ ቁስሉን አይቶ ደምሽን አስመረመረና ስኳር ነው አለ። ስኳሩ ካልወረደ ቁስሉ አይድንም፣ ቁስሉ ካልዳነ ደግሞ እግሯን ልናጣት እንችላለን አለን። አንቺ፣ ቡና እንኳ በጨው የምትጠጪው ሴት፣ እኔን ስኳር ከየት አገኘኝ ብለሽ ሳቅሽ።

ነርሷ ለሰርካለም አንድ በአንድ ነገረቻት። እንጀራው ይቀነስ፣ ጎመኑና ጥራጥሬው ይብዛ፣ ዳቦና ጠላ ይቅር አለቻት። ሰርካለምን ደግሞ ታውቂያታለሽ፣ የታዘዘችውን ሳትፈጽም እንቅልፍ አይወስዳትም። ማታ ለእኛ እንደ ወትሮው በትሪው አቀረበች፤ ላንቺ ግን ግማሽ እንጀራና ጎመን በሳህን ለብቻሽ አደረገችልሽ። ክዳን ያለው፣ አበባ የተሳለበት ሸጋ ሳህን ነበር። ለዚሁ ብላ ፒያሳ ወርዳ የገዛችው ነው፤ አክብራሽ ሞታለች።

አንቺ ሳህኑን አየሽ፣ ትሪውን አየሽ፣ እኛን አየሽን። «ምነው፣ ምን ነክቶኝ ነው ከማዕድ የምለየው? ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» አልሽና እጅሽን ሰበሰብሽ። ጠግቤያለሁ አልሽ። ጠዋት ስንነሳ አልጋው ተነጥፏል፣ አንቺ የለሽም። ሰርካለም ያን ቀን ስታለቅስ ዋለች። እኔ ተናደድሁ፤ መጀመሪያ ባንቺ፣ ኋላ በሳህኑ። ሳስበው እውነትሽን ነው። በእኛ አገር ማዕድ የሚለይበት ሰው ማን ነው? ሰው የሚሸሸው በሽታ የያዘው ነው። ነርሷ ይህን አልነገረችንም፤ እኛም ልብ አላልንም።

ነገሩን ያዞረችው ሶሊያና ናት። እራት ላይ ሁላችንም እንጀራውን ስንቆነጥር፣ አክስቴ ለብቻዋ የማትበላ ከሆነ እኛ የሷን ለምን አንበላም አለች። እኔ ሳቅሁ። ሰርካለም ግን አልሳቀችም። በማግሥቱ ትሪው ሲቀርብ እንጀራው ለምልክት ያህል ተነጥፎበታል፤ ከላዩ ጎመን፣ ምስር፣ ጥቅል ጎመንና ፎሶሊያ ተቆልሏል። እንጀራ ስጪኝ ብላት ያለው ይኸው ነው አለችኝ። የመጀመሪያው ሳምንት ቤታችን ሐዘን የተቀመጠ ይመስል ነበር። ሶሊያና ይህ አልበቃ ብሏት ሕግ አወጣች፤ መጀመሪያ ወጡ ይበላል፣ እንጀራው ለመጨረሻ ይቆያል። ታዲያ ጎመን ያለ እንጀራ በምን ይጠቀለላል ብላት፣ በማንኪያ አለችኝ። በትሪ ላይ ማንኪያ እታለሜ! አባታችን ቢያየን ኖሮ ከነማንኪያችን ያስወጣን ነበር። አሁን ለምደነዋል፤ እንዲያውም ማንኪያ የጠፋ ዕለት እንጣላለን።

ከዚያ ያ ላንቺ የገዛነው የስኳር መለኪያ መጣ። ጥለሽው ሄደሽ ኮመዲኖው ላይ ተቀምጦ ነበር። ሶሊያና የትኛው ምግብ ምን እንደሚያደርግ ሳናውቅ አክስቴን በምን እናሳምናታለን ብላ አነሳችው። መልካም፣ ግን ጣቱን የሚሰጥ ሰው ያስፈልጋል። እሷ መርፌ ትፈራለች። ሰርካለም ሥራ አለብኝ አለች። የቀረሁት እኔ ነኝ።

አትሳቂብኝና ነገሩ ሱስ ሆነብኝ። ታውቂኛለሽ፣ ልጅ ሆኜ ውስጡ ያለውን ሰውዬ ላገኝ የአባታችንን ሬዲዮ የፈታሁ ነኝ። አሁን ደግሞ የራሴን ሆድ መመርመር ያዝሁ። አንድ ቀን እንጀራ በሽሮ በልቼ ሶፋው ላይ ጋደም እልና እለካለሁ። በማግሥቱ ያንኑ እንጀራ በዚያው ሽሮ በልቼ እስከ ቀሃ ወንዝ ወርጄ እመለስና እለካለሁ። በእግሬ በሄድሁበት ቀን ቁጥሩ ዝቅ ይላል። እንዴት እንደገረመኝ! ምግቡ ያው ነው፤ የተለወጠው እግሬ መንቀሳቀሱ ብቻ ነው። የተቆላ ሽምብራ ሸጋ ነው፣ ቁጥሩን እምብዛም አይነካውም። ነጭ ዳቦ ግን ሽቅብ ያስፈነጥረዋል። በሶ የገብስ ነው፣ ምን ያደርገኛል ብዬ በስኳር በጥብጬ ጠጣሁና ሶሊያና ተቆጣችኝ። እኔ የሚገርመኝ፣ ይህን ያህል ዘመን በልቼ አንድም ቀን ምግቡ ውስጤ ገብቶ ምን እንደሚሠራ ጠይቄ አለማወቄ ነው።

ያስቸገረን ጉርሻው ነበር። ጉርሻ እንቢ አይባል፤ ከተቀበሉት ደግሞ የተቀነሰው እንጀራ በዚያው ይመለሳል። ሰርካለም መላ ዘየደች። ጉርሻ ይፈቀዳል፣ ግን የጎመን መሆን አለበት። የመጀመሪያ ቀን ያጎረሰችኝን ብታዪ ለበግ ይበቃል። ዓይኔ እንባ እስኪያቀር አላመጥሁ፤ ልጅቱ ትስቃለች፣ እናቲቱ ትስቃለች። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ በዚህ ቤት አብረን ስንስቅ ያን ዕለት የመጀመሪያችን ነው።

የማሩን ነገር ደግሞ ሳልደብቅ ልንገርሽ። አያ አዳሙ ጠዋት ጠዋት ማር በጥብጠሽ እንደምትጠጪ ነግሮኛል። ማር መድኃኒት ነው፣ ስኳሩን ያጠፋልኛል ብለሻል አሉ። አልፈርድብሽም፤ እኔም ያደግሁት ማር የማያድነው በሽታ የለም ሲባል እየሰማሁ ነው። እንዲያውም እውነት በሆነ ብዬ ተመኘሁ። ከላክሽልን ማር በጥብጬ ጠጣሁና ለካን። ሌላ ቀን ደግመን ሞከርነው። መለኪያው ማርና ስኳርን አይለይም እታለሜ። ቁጥሩን እንደ ስኳሩ ነው ይዞት የወጣው። በየጠዋቱ መድኃኒት ብለሽ የምትጠጪው ያንን ቁስል የሚመግበውን ነው። በልጅሽ ይዤሻለሁ፣ ተይው።

እኔማ ቦርጬ ጠፋ። ቀበቶዬ አልጠብቅ ብሎኝ ጫማ ሰፊው ጋ ወስጄ ተጨማሪ ቀዳዳ አስበሳሁ። ሱሪዬ ከኋላ ተንከርፍፏል። የሰው አፍ ግን አያስተርፍም። ስወፍር ሁሉም አማረብህ ይለኝ ነበር፤ አሁን ስከሳ ደግሞ ምን ነካህ ይለኛል። የቢሯችን ጸሐፊ ዓይናለም በቀደም በሩን ገርበብ አድርጋ ድምጿን ዝቅ አደረገችና፣ ጋሼ ቤት ሰላም ነው ወይ አለችኝ። ሰላም ነው፣ ጎመን እየበላሁ ነው አልኋት። ጭራሽ አዘነችልኝ። በማግሥቱ ከቤቷ የጋገረችውን ድፎ ዳቦ ቆርሳ አመጣችልኝ። እንዴት አድርጌ እንደመለስሁላት አትጠይቂኝ።

አንድ ነገር ግን አልገባንም ነበር። ሶሊያና መጀመሪያ ላይ ቁጥሬን እያየች ትስቅብኝ ነበር። አንድ ጠዋት ምንም ሳልቀምስ ለካችኝና ቁጥሩን ደጋግማ አየችው። እጅህን ታጥበህ ና፣ እንደገና እንየው አለችኝ። ታጠብሁ፣ እንደገና አየነው። ከዚያ ያች መርፌ የምትፈራ ልጅ የራሷን ጣት ወጋች፣ የእናቷንም ወጋች። የሁለቱ እርስ በርሱ ይቀራረባል፤ የኔ ግን ለብቻው ከፍ ብሏል። መለኪያው ተበላሽቶ ይሆናል አልሁ። የለም አባዬ፣ መለኪያው ደኅና ነው አለችኝ። ስለዚህ ጉዳይ ስትመጪ እናወራለን፤ በወረቀት አይመችም።

አሁን ወደ እግርሽ ልምጣ። እናኑ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ ያልሁሽ እዚህ ላይ ነው። አያ አዳሙን ገበያ ላይ አግኝቼ ሳወጣጣው የጫማሽን አፍንጫ ቆርጠሽ እንደምትጫሚ፣ ጣትሽ ላይ ቅጠል እንዳሰርሽበትና ሰው ሲመጣ በቀሚስሽ እንደምትሸፍኚው ነገረኝ። አያምም፣ ደኅና ነው ብለሻል አሉ። ሐኪሙ የሚፈራው እሱን ነው፤ ስኳሩ ሕመሙን ይሸሽገዋል ብሏል። ፈርቻለሁ እታለሜ። ያች እግር እናታችን ስትሞት እኔን አዝላ ዳገት ቁልቁለት የወጣች የወረደች እግር ናት። በአንድ ሳህን የተነሳ ከምትቆረጥ እኔ ፊትሽ ተደፍቼ ይቅርታ ብጠይቅሽ ይቀለኛል። ሰርካለምም ጉልበቷን ልትስምልሽ ዝግጁ ናት፤ ደግሞ ጉልበትሽን ማለቴ ነው፣ ሲጨንቀኝ እጄ ይሳሳታል።

ጾሙንም አስቤበታለሁ። የነቢያት ጾም ገብቷል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትቀምሺ እንደምትውዪ አውቃለሁ። ሐኪሙ እሱ ያዘዘልሽን ኪኒን ውጦ በባዶ ሆድ መዋል ሰው ይጥላል ብሎኛል። ጹሚም ተይም የምል እኔ አይደለሁም። የንስሐ አባትሽ አሉ፣ እሳቸውን አማክሪ፤ የሚሉሽንም ሐኪሙ ይስማው። የጾሙ ምግብ ራሱ እኮ የኛው ትሪ ነው። ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ሽምብራው ሁሉ የጾም ነው። እንጀራውን ስናበዛው ነው እንጂ ያባቶቻችን ማዕድ አላጠፋም።

እንግዲህ ነይ። ያንን ሳህን ሰርካለም ነጭ ሽንኩርት ታስቀምጥበታለች፤ ላንቺ ዳግመኛ አይቀርብም። የምንበላው ከአንድ ትሪ ነው፤ የምትበዪው እኛ የምንበላውን፣ የምንበላውም አንቺ የምትበዪውን ነው። ተለይቶ የሚታዘንለት ሰው የለም። ወጡ አልጫ ከሆነብሽ ለኔም አልጫ ነውና አብረን እናማዋለን።

አያ አዳሙ ማክሰኞ ተመልሶ ወደዚህ ይመጣል፤ አብረሽው ተሳፈሪ። መናኸሪያው ላይ ሶሊያና ትጠብቅሻለች። ሐኪም ቤት ቀጠሮሽ ረቡዕ ጠዋት ነው። ባለፈው ጊዜ እዚያ ረጅም ወንበር ላይ ተጎልተሽ፣ በማታውቂው ሰው መሐል ስምሽ እስኪጠራ መጠበቁ እንዴት እንዳስጠላሽ አይቻለሁ። እኔ ውጭ ቆሜ በስልክ ሳወራ አንቺ ብቻሽን ነበርሽ። አሁን ግን አጠገብሽ እቀመጣለሁ። ያንቺን ቀጠሮ ላስይዝ ሄጄ የኔንም ለዚያው ቀን አስያዝሁ። ነርሷ ስማችንን አከታትላ ስትጽፍ ቀና ብላ አየችኝና፣ ያንድ ቤት ሰዎች ናችሁ እንዴ አለችኝ። አዎ፣ ታላቄ ናት አልኋት።

የቁስቋሟ እመቤት እግርሽን ትማርልኝ። ያጨዳችሁትን በሰላም ለመውቃት፣ የወቃችሁትን ለመብላት ያብቃችሁ። እናኑን ዳሪልን፣ ልጇንም ለማዘል ጉልበት ይስጥሽ። እኔንም መርቂኝ፤ ያንቺ ምርቃት ሲደርስልኝ ነው የኖርሁት፣ ዘንድሮ ደግሞ ከወትሮው አብልጬ እፈልገዋለሁ።

ያዘልሽው ወንድምሽ