የሲድራ አዲስ ፓስዎርድ

ውድ ወንድሜ ኡበይድ፣ አሰላሙ አለይኩም። የጅዳ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ ሰበታ አልሐምዱሊላህ፣ ብርዱም ለቀቅ አድርጎናል።

አንድ የማይታወቅ ሰው ስልኳ ውስጥ ያለውን ሚስጥር እየጠቀሰ ሌሊት እየደወለ ሲያስፈራራት እህል ትታ የነበረችው ልጄ ሲድራ ደህና መብላት ጀምራለች። ትምህርት ቤቷ ስለ ስልክ ሚስጥር ክርክር አዘጋጅቶ ወላጆችንም ጠርቶን ነበር። ሲድራ ተነስታ «የሰፈራችን ስልክ ጠጋኝ የሁላችንንም ፓስዎርድ በደብተሩ ይዟል፤ እንዳይጠፋብን ብለን ያስጻፍነው እኛው ነን» አለች። ጓደኞቿ አጨበጨቡ፤ እኔ አንገቴን ደፋሁ። የሷን ያስጻፍኩት እኔ ነበርኩ።

በማግስቱ ወጣቱ ሁሉ ሱቁ ሄዶ የየራሱን ገጽ ቀደደ፣ ፓስዎርዱንም ቀየረ። ሲድራ አዲሱን ለኔም አልነገረችኝ። እሰይ አልኩ።

ያ የሚያስፈራራት ሰው ከዚያ ወዲህ አልደወለም። ከእንግዲህ በፈለግከው ሰዓት ደውል፤ ስልክ ሲጮህ ቤታችን የሚደነግጥ የለም።

በዱዓህ አስበን።
እህትህ ሬሐና